የሊቢያን ዘመቻ ስለመሩት ካናዳዊ ጄኔራል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ካናዳዊው ሌተናል ጄኔራል ቻርልስ ቡሻር ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። በ2011 ኔቶ በሊቢያ ያካሄደውን ዘመቻ የመሩት እሳቸው ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የአየር ኃይል ሰው ሆነው እንዴት «ሌተናል ጄኔራል» ተባሉ? እንግሊዞች «ኤር ማርሻል» አይደል የሚሉት?

መልስ፦ ካናዳም ድሮ እንደዚያ ትል ነበር። በ1968 ምድር ጦሩን፣ ባሕር ኃይሉንና አየር ኃይሉን አንድ ላይ ጨፈለቀቻቸው። የአየር ኃይሉ ማዕረግም የምድር ጦሩን መሰለ። በኦገስት 2011 «የካናዳ ንጉሣዊ አየር ኃይል» የሚለው የድሮ ስም ተመለሰ፤ የጄኔራሎቹ ማዕረግ ግን በዚያው ቀረ። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእኛም አየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል ነው የሚባለው።

ጥያቄ፦ ተዋጊ ጄት ያበሩ ነበር?

መልስ፦ የለም፣ የሄሊኮፕተር ሰው ናቸው። የኩቤኳ ቺኩቲሚ ልጅ ናቸው፤ ሠራዊቱን የተቀላቀሉት በ1974 ነው። ካናዳ ውስጥ እግረኛውን የሚያመላልሱት ሄሊኮፕተሮች የአየር ኃይሉ ናቸው። ስለዚህ አብራሪው ግማሽ ዕድሜውን ከወታደሩ ጋር ጭቃ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ከማያውቁት ሠራዊት ጋር ተግባብቶ መሥራትን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ኔቶ ውስጥ ያ ሁሉ አሜሪካዊ እያለ ለምን ካናዳዊ?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የመራችው አሜሪካ ናት። ከዚያ ወዲያ ግን ፊት መቅደም አልፈለገችም። ቡሻር ደግሞ ጣሊያን፣ ኔፕልስ ባለው የኔቶ ዕዝ ምክትል አዛዥ ነበሩ። ቦታው ላይ ተገኙ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከ2007 እስከ 2009 ኮሎራዶ፣ ኖራድ ውስጥ ምክትል አዛዥ ነበሩ። ኖራድ የሁለቱ አገሮች የጋራ አየር መከላከያ ነው፤ አዛዡ አሜሪካዊ ሲሆን ምክትሉ ካናዳዊ ነው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጠዋት እንኳ ኮሎራዶ፣ ሻየን ተራራ ውስጥ ባለው የኖራድ ማዘዣ ተረኛውን ቡድን ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው ሪክ ፊንድሊ ናቸው። የካናዳ ጄኔራል የሚያድገው በሌላ ሰው ቢሮ ውስጥ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ጥያቄ፦ ኔፕልስ ተቀምጠው ምን ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ ስብሰባ፣ ስልክ፣ ወረቀት። በሰባት ወር ከ26,000 በላይ በረራ ተደርጓል። እያንዳንዱ አገር ግን «ቀይ ካርድ» የያዘ መኮንን አለው። «ይሄን ዒላማ የእኛ አውሮፕላን አይመታም» ካለ አለቀ፤ ጄኔራሉ ማዘዝ አይችሉም። ሌላ አገር ይፈልጋሉ። የአገራቸው ሰባት ሲኤፍ-18 ጄቶች ሲሲሊ፣ ትራፓኒ ላይ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ንጹሐን አልሞቱም?

መልስ፦ ሞተዋል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ከመረመሯቸው ጥቃቶች ውስጥ በአምስቱ 60 ሲቪሎች መሞታቸውን አረጋግጠዋል።

ጥያቄ፦ ዛሬስ?

መልስ፦ በ2012 ጡረታ ወጡ። በ2013 የአሜሪካው ጦር መሣሪያ አምራች የሎክሂድ ማርቲን የካናዳ ቅርንጫፍ ኃላፊ ሆኑ። ጄኔራሎች የሚያዘወትሩት መንገድ ነው፤ እኔ አይጥመኝም።

ጥያቄ፦ ያቺ የሐበሾች ጀልባስ? በእሳቸው ጊዜ አይደል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጀልባዋ ከትሪፖሊ የተነሳችው ማርች 27 ሌሊት ነው፤ ቡሻር ከተሾሙ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። 72 ስደተኛ ጭናለች፤ 47ቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሲጨንቃቸው በሳተላይት ስልክ ለኤርትራዊው ቄስ ለአባ ሙሴ ዘርአይ ሮም ደወሉ። አባ ለጣሊያን የባሕር ጠባቂዎች ነገሩ፤ መልእክቱ ለመርከቦችና ለኔቶም ተላለፈ። አንድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውሃና ብስኩት በገመድ አወረደላቸው። ይመለሳል ብለው ጠበቁ። አልተመለሰም። በአሥረኛው ቀን ገደማ አንድ የጦር መርከብ ቀረባቸው። የሞቱ ሕፃናትን አንስተው አሳዩት። ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕሩ መልሶ ሊቢያ ጣላቸው፤ በመጨረሻ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

ኔቶ ሙሉ ዕዙን የተረከበው ማርች 31 ነው፤ የባሕር ቁጥጥሩን ግን ቀደም ብሎ ጀምሮ ነበር። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2012 ባወጣው ሪፖርት ጣሊያንንም ኔቶንም ወቅሷል። ኔቶ «መዝገባችን ላይ የለም» አለ። ሄሊኮፕተሩን «የእኔ ነበር» ያለ አገር የለም።