ሞተሩ ሲቆራርጥ፦ ስለ ትራያምፍ ቲአር 6 ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ አገር ከአሮጌ ትራያምፎች ጋር ስታገል ዓመታት አልፈዋል። ቲአር 6 ባለ ስድስት ሲሊንደር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ስለ ኢንጀክሽኑ፣ ማለትም ቤንዚኑን ኢንጀክተር በሚባሉ አፍንጫዎች ስለሚረጨው ሥርዓት፣ የተጠየቅኩትን ሰብስቤ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የ1971 ስሪት ነው። ሚኒሞ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ማርሚታው ቡፍ ቡፍ ይላል። ሰው ሁሉ "ኢንጀክሽኑን ጥለህ ካርቡራተር ግጠምበት" ይለኛል። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ያኮረፈው የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ እወቅ። የቤንዚን ሽታ ከሌለ ሞተሩን አስነሳና የካንዴላ ካቦዎቹን አንድ በአንድ ንቀል። በባዶ እጅህ እንዳትሞክረው! እጀታው በደንብ የተሸፈነ ፒንሳ ያዝ፤ የነቀልከውን ጫፍም የሞተሩን ብረት አስነካው። ስትነቅል ሞተሩ ከደከመ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ሰነፉን ያዝከው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ የሰነፉን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይር። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልተዛወረ ካቦውንና የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያዳርሰውን) ክዳን እይ። ክዳኑን ከከፈትክ አይቀር ካቦዎቹ በተራቸው መሆናቸውን አረጋግጥ፦ 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4። ሁለት ካቦ ተቀያይሮበት ሳምንት ሙሉ ኢንጀክተር ሲያጥብ የከረመ ሰው አውቃለሁ።

እሳቱ ደህና ከሆነ ወደ ቤንዚኑ እንሂድ። በዚህ መኪና ላይ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ሚተሪንግ ዩኒት የሚሉት የቤንዚን አከፋፋይ ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ተቀምጦ፣ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ለስድስቱም ቤንዚን ይመጥናል። ከእሱ የሚወጡትን ስድስት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች በጣትህ ያዝ ያዝ አድርግ። የእጅ አንጓ ላይ እንደሚሰማው ዓይነት ትርታ አላቸው። አንዱ ዝም ካለ ነገሩ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስተኛው ቱቦ ትርታ የለውም። ኢንጀክተሩ ሞቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አየር ገብቶበት ነው፤ በተለይ ቤንዚን ካለቀብህ በኋላ ከጀመረው። ኢንጀክተሩን ከነቱቦው አውጥተህ ጫፉን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አስገባ፤ ሞተሩ በቀሩት አምስቱ ይሥራ። አየሩ ሲወጣ ቤንዚኑ በሾጣጣ ጉም መልክ ይረጫል። እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ ካለ ቆሻሻ አለበት። ሞተሩ እየሠራ የጫፉን ፒን ቀስ እያልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ ብታደርገው ይታጠባል።

ይህ ሥራ አደገኛ ነው። ፓምፑ ቤንዚኑን የሚገፋው ከ100 ፒኤስአይ በላይ፣ ማለትም በ7 ባር ገደማ ግፊት ነው። ስለዚህ ደጅ ላይ ሥራ፣ የእሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር፣ የካንዴላ ካቦም በዚህ ሰዓት አይነካ።

ጥያቄ፦ የኔ ጠዋት ሰላም ነው። በሐምሌ ሙቀት መንገድ ሲዘጋጋ ግን ስድስቱም ይደክማሉ።

መልስ፦ ስድስቱም አብረው ከደከሙ አንድ ኢንጀክተር አትጠርጥር። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለውን ፓምፕ በእጅህ ንካው። የድሮው የሉካስ ፓምፕ ሞተር ከዝናብ መጥረጊያ ሞተር የመጣ ነው፤ ሲሞቅ ይደክመዋል። ታንኩ ውስጥ ትንሽ ቤንዚን ብቻ ሲቀር ይብሳል፤ ተመላልሶ የሞቀው ቤንዚን መትነን ይጀምራል። ፈረንጆቹ ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ የሆነ አተር በከረጢቱ ፓምፑ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ቀልድ አይደለም፣ ቤት ያደርሳል። ዘላቂው ግን ታንኩን ሞላ አድርጎ መንዳት፣ ፊልትሮውን መቀየር፣ ከዚያም ብዙዎች እንዳደረጉት የቦሽ ፓምፕ መግጠም ነው።

ጥያቄ፦ ስድስቱም ካንዴላ እንደ ከሰል ጠቁረዋል።

መልስ፦ ቤንዚን በዝቷል። ከማኒፎልዱ (ከአየር ማስገቢያው) ወደ ቤንዚን አከፋፋዩ የምትሄደዋን የቫኪዩም ጎማ እይ፣ ከዚያ አከፋፋዩ ውስጥ ያለውን ዲያፍራም የሚሉትን ስስ ሽፋን። አንዱ ከተቀደደ አከፋፋዩ ሁልጊዜ ዳገት የምትወጣ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። ኢንጀክተሮቹን ፈልጌ አጣኋቸው!

መልስ፦ አትድከም፣ የሉም። ወደ አሜሪካ የተላኩት ቲአር 6ዎች በሁለት ስትሮምበርግ ካርቡራተር ነው የሄዱት። ስለ ካንዴላና ስለ ካቦ ያልኩት ግን ለአንተም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሁልጊዜ እሳቱን አስቀድሙ የምትለው?

መልስ፦ ስለተቃጠልኩ ነዋ! አንድ ጊዜ መኪናዬ ሲሞቅ መቆራረጥ ጀመረ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ኢንጀክሽኑን ፈታሁ፣ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበቶቹን) ቀየርኩ፣ ቤቱ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ፣ ባለቤቴ አኮረፈች። በመጨረሻ አንድ ጎረቤቴ "ሮተሩን ቀይረሃል?" አለኝ፤ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትዞረዋን ማለቱ ነው። ከወር በፊት ከአንድ መለዋወጫ መደብር የገዛሁት አዲስ ነው፣ ማን ይጠረጥረዋል? መሃሉ ላይ ባለችው ሪቬት በኩል እሳቱ ወደ ዘንጉ እየሾለከ ነበር። የወረወርኩትን አሮጌውን ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ ገጠምኩት። ሞተሩ ወዲያው ቀጥ ብሎ ሠራ።