«ፈኒ ፈኒ»ም የስዊት ነው፣ ግን መሳሪያውን እነሱ አልተጫወቱትም

«ቦልሩም ብሊትዝን የሰራው ስዊትና ፈኒ ፈኒን የሰራው ስዊት እውነት አንድ ባንድ ናቸው?» ላልከው፣ አዎ አንድ ናቸው ወንድሜ፣ ሁለቱም ዘፈኖች የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የስዊት ናቸው፣ ግን ጆሮህ አልዋሸህም። እኔ ድራም ስለምመታ ዘፈን ስሰማ ቀድሜ የምከተለው ድራሙን ነው፣ እና የባንዱን ድራመር ሚክ ታከርን በኋላ ስራዎቹ ለለመደ ሰው ፈኒ ፈኒ ላይ ያለው ድራም ጭራሽ የሱ አይመስልም፣ የሱም አይደለም። የመታው ፕሮዲውሰሩ ፊል ዌንማን ነው፣ ጊታሩን ፒፕ ዊልያምስ ቤዙን ደሞ ጆን ሮበርትስ፣ ሁለቱም የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው። የባንዱ ድምፃዊ ብራያን ኮኖሊና ጓደኞቹ የዘፈኑት ብቻ ነው።

ለምን እንደዛ ሆነ ካልክ የዘፈኑ ደራሲዎች ኒኪ ቺንና ማይክ ቻፕማን ያኔ ገና ጀማሪ ነበሩ፣ የፈለጉት በ1969 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) ዓለምን ያዳረሰውን የአርቺስን «ሹገር ሹገር» አይነት ነገር ነው፣ አርቺስ ደሞ የካርቱን ባንድ ነው፣ በቃ በባብልገም ፖፕ፣ ማለት በቀላሉ አፍ ላይ በሚቀር የልጆች አይነት ፖፕ፣ ማን ተጫወተው የሚባል ነገር ማንንም አያስጨንቅም ነበር። ፈኒ ፈኒ በ1971 መጀመሪያ ወጣ፣ እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ ሰንጠረዡ 13ኛ ደረሰ፣ እዛው ዓመት ሌላው ዘፈናቸው «ኮ ኮ» 2ኛ ሆነ።

እኔ ባንዱን በደንብ ያወቅኩት ሸክላውን ገልብጬ ነው። የጀርባዎቹን ዘፈኖች ራሳቸው ነበር የሚደርሱት፣ የሚጫወቱትም ራሳቸው፣ የኮ ኮ ጀርባ ላይ ያለውን «ዳን ሚ ሮንግ ኦልራይት» ስማው፣ ያ እኮ ሃርድ ሮክ ነው፣ ከፊት ለፊቱ ዘፈን ጋር ምንም አይገናኝም!

ግን ብዙ ሮክ ወዳጆች እንደሚያደርጉት ፈኒ ፈኒን ንቀህ አትለፈው፣ እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ኮረሱ ላይ የሚደራረቡት ድምፆች የነሱ ናቸው፣ ያ ከላይ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ኋላ «ብሎክ በስተር» በሚለው ዘፈናቸው ላይም ቦልሩም ብሊትዝ ላይም ያለው ነው፣ ለኔ ስዊትን ስዊት ያሰኘው ከጊታሩ ይልቅ እሱ ነው፣ እሱ ደሞ ከመጀመሪያው ሂታቸው ጀምሮ አለ። ደሞ እነዚህ ሂቶች ባይኖሩ ቺንና ቻፕማን ከነሱ ጋር ይቆዩ ነበር ብዬ አላስብም። በመስከረም 1972 «ዊግ ዋም ባም» ሲወጣ ነው በነዚህ ደራሲዎች ሲንግል ላይ መሳሪያውን ሙሉ በሙሉ ራሳቸው የተጫወቱት፣ በ1973 መጀመሪያ ብሎክ በስተር እንግሊዝ ውስጥ 5 ሳምንት 1ኛ ሆኖ ቆየ።

ስለዚህ በኢርፎን ፈኒ ፈኒን፣ ከዛ የኮ ኮን ጀርባ፣ ከዛ ዊግ ዋም ባምን አከታትለህ ስማ፣ ድራሙ ሲቀየር ኮረሱ ግን እንዳለ ሲቀጥል ታገኘዋለህ።