መልስ፦ ከባንኮክ በኋላ እናቴን ለ3 ቀን የት ልውሰዳት?

እህቴ፣ እናትሽ ጫጫታ እንደማይወዱ ጽፈሻል፤ እንግዲያው ፓታያን ተይውና የታይላንድ የባህር ዳር ከተማ ወደሆነችው ሁዋ ሂን ውሰጃቸው። ከባንኮክ ወደ ደቡብ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ በባቡር ነው የሄድኩት። አሁን ባቡሩ የሚቆመው ከፍ ብሎ በተሠራው አዲሱ ጣቢያ ነው፤ ግን አሮጌውን ቀይና ክሬም የእንጨት ጣቢያ ሳታዩ እንዳትመለሱ፣ ጎኑ ላይ ለንጉሡ ተብሎ የተሠራ በጣም የሚያምር ማረፊያ አለ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ባህሩ እንደ ፑኬት ደሴት ጥርት ያለ ሰማያዊ አይደለም። ዳርቻው ግን ረጅምና ሜዳ ስለሆነ ለትልቅ ሰው እግር በጣም ይመቻል። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ፀሐይዋ ከውሃው ላይ ብቅ ስትል፣ አሸዋው ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ በባዶ እግር መሄድ... እኔ በ3ቱም ቀን ሄጃለሁ።

ማታ የሌሊት ገበያውን ዙሩ፣ ዓሣው እዚያው ፊታችሁ ከሰል ላይ ይጠበሳል። እናትሽ ጾም ላይ ከሆኑ «ጄ» የሚለውን የታይኛ ቃል ያዢ፤ ሥጋም ዓሣም ወተትም የሌለበት ማለት ነው። አለበለዚያ የአትክልቱ ወጥ ውስጥም የዓሣ መረቅ አይጠፋም።

ካዎ ታኪያብ ኮረብታ ስትወጡ ደግሞ ፌስታል አትያዙ። የኔን ሙዝ ዝንጀሮ ከእጄ መንጭቆ ወስዶታል!