ምደባ እየጠበቅሁ ነው፤ ጸሎቴ አልተሰማ ይሆን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከቢቸና ነው። የፍሬሽማን ትምህርቴን ጨርሼ የዲፓርትመንት ምደባ እየጠበቅሁ ነው። ከልጅነቴ የምመኘው ሕክምና ነው፤ አንደኛ ምርጫ አድርጌ የሞላሁትም እሱን ነው። ነጥቤ ጥሩ ነው፤ ያስገባሻል ብሎ የሚያረጋግጥልኝ ግን የለም። "በዚህ ሳምንት ይወጣል" ይባላል፣ ሳምንቱ ያልፋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምግብ አይወርድልኝም። እማየ ለጎረቤት ሁሉ ነግራ ገበያ ላይ "የዶክተሯ እናት" ይሏታል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስልኬን ከነጠላዬ ሥር ይዤ ቴሌግራም ከፈትሁ። የባሰው ደግሞ አብራኝ ያደገች ጓደኛዬም ሕክምና መርጣለች፤ ነጥባችን ይቀራረባል። "እሷ ባትገባ ለእኔ ቦታ ይኖር ነበር" ብዬ አሰብሁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጃንጥላ ተስያለሁ። አክስቴ ደግሞ ኮከብ የሚቆጥር ሰው ጋ ልውሰድሽ ትለኛለች። ጭንቀቴ እምነት ማጣት ነው? ባልገባስ ጸሎቴ አልተሰማም ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ብዙ ጉዳይ አንሥተሻል። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ አንዱ ላይ ግን ቆየት እላለሁ።

መጨነቅ እምነት ማጣት አይደለም። ጌታችን ስለ እኛ በለበሰው ሥጋ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ሆኖ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ከአራቱ ወንጌላውያን ይህን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ "የተወደደው ባለ መድኃኒት" ያለው ያው ሉቃስ፣ አንቺ የተመኘሽው ሙያ ባለቤት ማለት ነው። የሰው ሥጋ በጭንቅ ሰዓት ምን እንደሚሆን ያውቃልና አልዘለለውም። ጥቅምት 22 በዓሉ ሲከበር ይህን እያሰብሽ ጸልዪ።

ሰው ሲጨነቅ ሲያዩ "በአንዳች አትጨነቁ ተብሏል" ብለው የሚቆጡ አሉ። ቃሉ በፊልጵስዩስ መልእክት አራተኛው ምዕራፍ ላይ አለ። ግን ጳውሎስ ያንን ሲጽፍ የት ነበር? እስር ቤት። ፍርዱ ምን እንደሚሆን ገና አላወቀም። በዚያው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ነገሬ እንዴት እንደሚሆን ባየሁ ጊዜ ጢሞቴዎስን እልከዋለሁ ይላል። እንዳንቺው ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ምክሩም ልመናችሁን በምስጋና አቅርቡ፣ አእምሮን ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁን ይጠብቃል የሚል ነው። የጠየቃችሁት ሁሉ በጠየቃችሁት ቀን ይሰጣችኋል አላለም። ተስፋው የልብ ጥበቃ ነው። አንቺም አሁን የጎደለሽ እሱ ነው።

ይህ ሰላም በሰው ላይ እንዴት እንደሚታይ ከፈለግሽ የሐናን ታሪክ አንብቢ፤ አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ አንድ። ሐና ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ ፍናና እያበሳጨቻት፣ እንዳንቺ እህል አልወርድ ብሏት ነበር። ወደ መቅደስ ገብታ አለቀሰች። ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ኋላ ግን "በደኅና ሂጂ፤ የእስራኤልም አምላክ የለመንሽውን ልመና ይስጥሽ" አላት። ምን እንደለመነች አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ልብ በይው፤ "ሴቲቱም መንገድዋን ሄደች በላችም፥ ፊትዋም ከእንግዲህ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም" ይላል። ሳሙኤል በዚያ ሰዓት አልተወለደም። ገና አልተፀነሰም። ሐና የበላችው መልሱ ሳይመጣ ነው። ነገሩን ለባለቤቱ ሰጥታዋለች፤ ስለዚህ እንጀራ ወረደላት።

የኛው አገር አባት አቡነ ዘርዐ ብሩክም እንዲሁ አድርገዋል። ለእስር በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለግሽ ዓባይ ምንጭ አደራ ብለው ሰጡ። ከእስር ሲመለሱ ውኃው መጻሕፍቱን ሳያርስ መለሰላቸው። ገድላቸውን በሰከላ ከጸበሉ አጠገብ ሆነው ለምእመናን የሚተርኩ አባቶች ዛሬም አሉ። መጽሐፍን ለውኃ መስጠት ቀላል አይደለም። ከእጅ መልቀቅ ነው። አንቺም ጠዋትና ማታ ስትጸልዪ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ምደባ ሰጥቼሃለሁ" በይና ተነሥተሽ ቁርስሽን ብዪ። ጭንቀቱ ቀትር ላይ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል፤ ያኔም መልሰሽ ስጪው። ስልክሽን ደግሞ እሑድ ቤት ትተሽው ሂጂ። ምደባው በቅዳሴ ሰዓት ቢወጣ ከቅዳሴ በኋላም አይጠፋም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ከጻፍሽው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ አንቺም ደብቀሽ ባለመያዝሽ ደስ ብሎኛል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አንድን ክፈቺ። በይሁዳ ምትክ አንድ ሐዋርያ መሾም ነበረበት። መቶ ሃያ ያህል ሰዎች ተሰብስበዋል። ቅዱስ ጴጥሮስ መስፈርቱን ተናገረ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ ከእኛ ጋር የነበረ ይሁን አለ። መስፈርቱን ያሟሉ ሁለት ሰዎች አቆሙ። አንዱ ማትያስ ነው፤ ሌላው ኢዮስጦስ የሚባለው ዮሴፍ። ቦታው ግን አንድ ነው። "የሁሉን ልብ የምታውቅ አንተ ጌታ ሆይ" ብለው ጸለዩ፤ ዕጣ ጣሉ። ዕጣው ለማትያስ ወጣ።

እኔ ስለ ኢዮስጦስ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ምን ጎደለው? ምንም። ከጥምቀቱ እስከ ዕርገቱ ጌታን ተከትሏል። ተአምራቱን አይቷል፣ ትምህርቱን ሰምቷል፤ መስፈርቱን ሞልቷል። ጉባኤው በሙሉ ይገባዋል ብሎ አቁሞታል። በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ሰማ። አልተመረጠም ማለት ተጣለ ማለት አይደለም። ኃጢአት ተገኝቶበት ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ የለም። ጸሎቱም ልክ ነበር፣ ሰውየውም ልክ ነበር፤ ወንበሩ ግን አንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? አኩርፎ አልሄደም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ከቀደመው አባት ከፓፒያስ ተቀብሎ እንደጻፈው፣ ኢዮስጦስ መርዝ ጠጥቶ በጌታ ጸጋ አንዳች አልጎዳውም። ጌታ ለሚያምኑ "የሚገድልም ነገር ቢጠጡ አይጎዳቸውም" ያለው ቃል ከአሥራ ሁለቱ ቁጥር ባልገባው ሰው ላይ ተፈጸመ። ጸጋው በዕጣው አልተወሰነም።

ማትያስን ደግሞ እዪው። ማትያስ የገባው ኢዮስጦስ ስለወደቀ አይደለም። የጓደኛሽ ስም ከዝርዝሩ ቢጠፋ የአንቺ ስም በዚያ ምክንያት አይጻፍም። የብዙ ሺህ ልጆች ነጥብ ተሰልፎ ነው የሚመደበው። እና ያ ሐሳብ ሲመጣብሽ አትደንግጪ፤ ከንስሐ አባትሽ ፊት አቅርቢው። ከዚያ አንድ ነገር አድርጊ፤ ስትጸልዪ የጓደኛሽን የክርስትና ስም ከራስሽ ስም አስቀድመሽ ጥሪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍሽ ብቻ ይላል፤ ልብሽ አይልም። ግድ የለም፣ በዪ። ሰው ለሚጸልይለት ክፉ መመኘት እየከበደው ይሄዳል። "ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ፥ ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ" የሚለውን የሮሜ ቃል ከምደባው በፊት ተለማመጂው። በምደባው ቀን ልለማመደው ብትዪ ይከብድሻል።

ጸሎቴ አልተሰማም ወይ ላልሽው ከዚሁ ጋር አብሮ ተመልሷል። ምደባ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የፍሬሽማን ነጥብ፣ የምርጫ ቅደም ተከተልና የቦታ ብዛት የሚወስኑት የሰው ሥራ ነው። እግዚአብሔር በዚያ ውስጥም ይሠራል፤ ዝርዝሩ ግን ስለ አንቺ የጻፈው የፍርድ ወረቀት አይደለም። እዚህ መድረስሽም እኮ ራሱ የተሰማ ጸሎት ነው። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016ም 5.4 በመቶ። በኛው በጎጃም ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ፈተናው ፊት መቀመጥ እንኳ ያልቻሉ ልጆች ስንት ናቸው! ይህን የምለው ጭንቀትሽን ላሳፍርብሽ አይደለም። ስለ እነሱም እንድትጸልዪ ነው።

ካልገባሽ ታዝኛለሽ። እዘኚ፤ አልቅሺም። ወዲያው "ለበጎ ነው" የሚሉሽ ሰዎች ይኖራሉ፤ እውነት ቢሆንም በዚያ ቀን ላይገባሽ ይችላል። ካዘንሽ በኋላ ግን ሰው የማዳን አገልግሎት ስንት በር እንዳለው አስቢ። ከማርቆስ እስከ ሞጣ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት የምትቀበላት አብዛኛውን ጊዜ ሚድዋይፍ ናት። ነርሱ፣ ጤና መኮንኑ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ ፋርማሲስቱ ባይኖሩ ሐኪሙ ብቻውን ምን ያደርጋል? ወደ ሐኪምነትም ቢሆን አንድ መንገድ ብቻ አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር መጀመሪያ በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘው ኋላ ሕክምና ገብተው ሐኪም የሆኑ ሰዎች አሉ።

እናትሽን ግን እስከ ምደባው ቀን አትጠብቂባት። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ "እማየ፣ ፈተና ማለፍና ሕክምና መመደብ አንድ አይደለም" ብለሽ አስረጂያት። ነጥብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰው ለስንት ቦታ እንደሚጠብቅ በቋንቋዋ ንገሪያት። ገበያ ላይ የተባለው ስም ያስጨነቀሽ ይመስለኛል። እናትሽ ልጇን እንጂ ዶክተር አይደለም የወለደችው፤ ስትነግሪያት ትረዳሻለች።

እንቅልፍ ማጣቱና አለመብላቱ ሳምንታት ከዘለቀ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ይህ እምነት ማነስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ስትታመም ጸልይ፣ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ብሎ ሁለቱን አያይዟል። ነገ ሐኪም መሆን የምትፈልጊ ልጅ ዛሬ መታከምን አትፈሪ። ጭንቀቱን ለማስታገስ ብለሽ በራስሽ የጨመርሽው ጾም ካለም ከንስሐ አባትሽ ጋር ሳትመክሪ አትቀጥዪ።

ኮከብ ቆጣሪው ጋ አትሂጂ። ዘዳግም 18 ምዋርተኛን፣ አስማተኛን፣ መናፍስት ጠሪን በግልጽ ይከለክላል፤ ነገሩ አያከራክርም። የሚነግርሽ ቢገጥም እንኳ ከዚያ በኋላ በየፈተናው ደጁን ትጠኚያለሽ። ገንዘብሽም ነፍስሽም እዚያ ያልቃል። አክስትሽን ግን አትቆጪያት፤ የወሰዳት ፍቅር ነው። እሑድ ይዘሻት ቅዳሴ ሂጂ።

የቀረው ስእለቱ ነው። ያዕቆብም በቤቴል "እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ቢሆን" ብሎ ተስሏል፤ በቅድመ ሁኔታ መሳል ነውር የለበትም። "ሕክምና ብገባ" ብለሽ ተስለሽ ካልገባሽ የስእለቱ ግዴታ አይይዝሽም። ከገባሽ ግን ክፈዪ፤ መጽሐፈ መክብብም ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን ጃንጥላ ተቀብሎ ቦታ የሚያስለቅቅ አይደለም። ያማልድልሻል፤ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የጃንጥላው ገንዘብ የማን ነው? አንቺ ገና ተማሪ ነሽ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 30 በአባቷ ቤት ያለች ልጅ የተሳለችውን አባቷ ሲሰማ ሊያጸናውም ሊያስቀረውም እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ ለወላጆችሽ ንገሪ። እናትሽ በግ ሸጣ ወይም ተበድራ እንድትከፍለው አታድርጊ። ለሚያዝያ 23 ካልደረሰ ብለሽም አትጣደፊ። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሥራ ይዘሽ በራስሽ ደመወዝ ትገዢዋለሽ። እስከዚያው አቅምሽ የሚችለውን ጧፍና ዕጣን ይዘሽ ሂጂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።