መልስ፦ ፓስፖርቴና የልደት ሰርተፍኬቴ በአንድ ቀን ይለያያሉ፣ ለአሜሪካ የትዳር ቪዛ የቱን ላስተካክል?

ፓስፖርትሽን አትንኪው፤ የሚታረመው የልደት ሰርተፍኬትሽ ነው።

የተወለድሽበት መስከረም 1 ቀን 1988 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1995 ነው። 12 የሚለው ፓስፖርትሽ ልክ ነው። ሰርተፍኬቱ 11 ያለው የ1987 ጳጉሜ 6 ቀን መሆኗ ተረስቶ ነው። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ቀን 1988 የተወለደ ሁሉ ይህ ስህተት ሊገጥመው ይችላል።

1. ልደትሽ በተመዘገበበት ወረዳ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የእርማት ማመልከቻ አስገቢ። ዋናውን ሰርተፍኬት፣ ፓስፖርትና መታወቂያ ያዢ። የኢትዮጵያው ቀን እንዳልተለወጠ፣ የተሳሳተው የፈረንጁ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ጻፊ። ይህን ካላልሽ ዕድሜ ልታስቀይሪ የመጣሽ ይመስላቸውና ነገሩ ይንዛዛል።

2. አሮጌውን ከማስረከብሽ በፊት ባለቀለም ስካን አስቀሪ።

3. አዲሱን ስትረከቢ እዚያው ቆመሽ የአንቺን፣ የአባትሽንና የአያትሽን ስም የእንግሊዝኛ ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ቀኑ ታርሞ አንድ ፊደል ቢሳሳት ተመልሰሽ መሰለፍሽ ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬቱ ላይ የልደት ቀን ካለ እሱንም እይ።

4. ባልሽ አይ-130 (ለሚስቱ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚያስገባው የማመልከቻ ቅጽ) ላይ የሞላው የልደት ቀንሽ 12 መሆኑን ይይ፤ ከዚያ የታረመውን ስካን ጫኑ።

እባክሽ "በሁለት ቀን አስጨርሳለሁ" ለሚል ደላላ አትስጪው። መዝገብ ላይ የሌለ ሰርተፍኬት ቢያመጣልሽና ኤምባሲው ቢደርስበት፣ ቪዛው መከልከሉ ብቻ አይደለም፤ በማጭበርበር ዕድሜ ልክ ልትታገጂ ትችያለሽ። የአንድ ቀን ልዩነት ግን በቀላሉ የሚብራራ ነገር ነው።