በረመዳን መስጊድ ብጎበኝ ነውር ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ደብረ ብርሃን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ኢስታንቡል ሊልከኝ ነው። ስመለስ ደግሞ አቡ ዳቢ ያለችው እህቴ ጋ ጥቂት ቀን አርፋለሁ። የሁለቱን ከተሞች መስጊዶች በፎቶ ብቻ ሳይ ስለኖርኩ በዐይኔ ለማየት ጓጉቻለሁ። ጉዞው ግን ረመዳን ላይ ዋለ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ እጾማለሁ። ሰው በጾምና በሶላት ላይ እያለ ካሜራ ይዤ ብገባ ድፍረት አይሆንብኝም? እናቴ «በሰው ጸሎት መሃል ምን ጥልቅ አደረገህ፣ ተወው» ብላኛለች። ልሂድ ካሉኝ፣ ምን ለብሼ በስንት ሰዓት ልግባ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህ ያሉት ለሰው ጸሎት ካላቸው ክብር የመጣ ነውና ቃላቸውን አልነቅፍም። ቢሆንም ሂድ። የኢስታንቡልና የአቡ ዳቢ ታላላቅ መስጊዶች ሙስሊም ያልሆነ እንግዳ ይቀበላሉ፤ በረመዳንም በራቸውን አይዘጉበትም። እኔ ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ። አቡ ዳቢ ሰው ቤት ተቀጥሬ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ኢስታንቡልንም ከዚያ በኋላ ለማየት አላህ አድሎኛል። በሁለቱም ቦታ እንግዳ ሲገባም ሲወጣም አይቻለሁ። የሚከበረውና ዝም ብሎ የሚታለፈው እንግዳ የሚለየው በገባበት ሰዓት ነው።

በረመዳን መስጊድ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ከሱብሂ (ከንጋት ሶላት) በኋላ ሰው ቁርኣን ይዞ ይቀመጣል። ዙህር (የቀትር ሶላት) ላይ ይሞላል። መግሪብ (የፀሐይ መጥለቂያ ሶላት) ሲደርስ ጾሙን ያፈጥራል፤ ከኢሻ (ከምሽቱ ሶላት) በኋላ ተራዊህ ለሚሉት የረመዳን ሌሊት ሶላት ይቆማል። አንተ የምትፈልገው ሰዓት አስር ከሚባለው ከከሰዓት በኋላው ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ነው። በዚያን ሰዓት አንዱ ዓምድ ተደግፎ ቁርኣን ያነባል፣ አንዱ ክንዱን ተንተርሶ ያሸልባል፣ ሕፃናት በባዶ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ይሯሯጣሉ። የምሽት ፀሐይም በጎን መስኮት ገብታ ግድግዳው ላይ ታርፋለች። ውበቱን በረጋ መንፈስ የምታየው ያኔ ነው። ጧት ከአስጎብኚ ቡድን ጋር እየተጋፋ የገባ ሰው ይህን አያገኝም። አርብ ግን በጁምዓ ሶላት ሰዓት ለጎብኚ ዝግ ነውና ቀኑን ለይ። የጉብኝት ሰዓት በረመዳን ስለሚለወጥ በየቦታው የተለጠፈውን አንብብ።

ኢስታንቡል ስትደርስ መጀመሪያ ወደ ሱለይማኒዬ መስጊድ ሂድ እልሃለሁ። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ሰማያዊው መስጊድ ወደሚባለው ወደ ሱልጣን አሕመድ ነው። እሱም ቢሆን ይገባዋል፤ ከ1609 እስከ 1616 የተሠራ፣ ስድስት ሚናራ ያለው፣ ውስጡ ከ20,000 በላይ የኢዝኒክ ሸክላ ንጣፍ የለበሰ ነው። ልቤ ግን ሱለይማኒዬ ላይ ነው። ዝነኛው የቱርክ የሕንፃ ባለሙያ ሚማር ሲናን በ1557 የጨረሰው ነው፤ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። የጥንቱ የዘይት መብራት ጥላሸት በአየር እየተሳበ ከመግቢያው በላይ ባለች ክፍል ተጠራቅሞ ለጸሐፊዎች ቀለም ይሆን ነበር ይባላል። መብራቶቹ መሃል ደግሞ የሰጎን እንቁላል ተንጠልጥሏል፤ ሸረሪት ያርቃል ተብሎ ነው። የሰጎን እንቁላል በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ሲሰካ አይተህ ታውቃለህ። እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ሱለይማኒዬ ውስጥ ቀና ብዬ ሳየው የአገሬን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አያሶፊያን ሳታይ እንደማትመለስ አውቃለሁ። በ537 የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዩስጢንያኖስ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ያስመረቀው ነው። ከ1453 ጀምሮ መስጊድ ሆነ፤ በኋላ ሙዚየም ተደረገ፤ ከ2020 ወዲህ እንደገና መስጊድ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ምድር ቤቱ ለሰጋጆች ተለይቷል፤ የውጭ አገር ጎብኚ ከ2024 ጀምሮ 25 ዩሮ ከፍሎ ላይኛውን ሰገነት ብቻ ያያል። የጥንቶቹ የወርቅ ሞዛይኮች እዚያው ላይ ስላሉ ገንዘቡ አያስቆጭህም።

ማታ ከመስጊዱ ውጭም ቆይ። በሚናራዎቹ መሃል በገመድ ላይ አምፖል ተደርድሮ «ረመዳን ሆይ፣ እንኳን ደህና መጣህ» የመሰለ ጽሑፍ ይበራል፤ ማህያ ይሉታል። የኢስታንቡል ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ፀሐይ ግን ከሸዋ ትንሽ ዘግይታ ትጠልቃለች። በሱልጣን አሕመድ አደባባይ ቤተሰብ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ አዛን ይጠብቃል። ሁዳዴ የሚጾም ሰው ደግሞ ቀኑን ውሎ ማታ መብላት አዲስ አይሆንበትም፤ ስለዚህ ከእነሱ ጋር አብረህ ብትጠብቅ እንግድነቱ ይቀልሃል። ተምር ቢሰጡህ በቀኝ እጅህ ተቀበል። ፒዴ የሚሉትን የረመዳን ዳቦ ግን ሳትጠይቅ እንዳትቆርስ፤ ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ስለሆነ የእኛ አምባሻ ይመስልሃል፣ ላዩን ግን ብዙ ጊዜ በእንቁላልና በእርጎ ይቀቡታል። የምስር ሾርባቸውም ቅቤ ሊኖርበት ይችላል። «ጾም ላይ ነኝ» ብትላቸው ከእነሱ የተሻለ የሚረዳህ የለም።

አቡ ዳቢ ያለውን የሼኽ ዛይድ መስጊድ ለማየት ግን አስቀድመህ በኢንተርኔት ተመዝገብ፤ መግቢያው በነፃ ነው። በ2007 የተከፈተ ሲሆን 82 ጉልላት፣ ከ1,000 በላይ ዓምድ አለው። አንተ የጨርቃ ጨርቅ ሰው ነህና ምንጣፉን ቁጭ ብለህ እየው፦ 5,627 ካሬ ሜትር ነው፤ 1,200 ገደማ ኢራናውያን በእጃቸው ቋጥረውት በክፍል በክፍል መጥቶ እዚያው ተጋጠመ። የመንዝ ሴቶች ሱፍ ሲፈትሉ፣ ባና ሲሸመን እያየ ያደገ ሰው የስንት እጅ ድካም እንዳለበት ይገባዋል። ሰውነቴ ዝሎ የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ እዚያ ምንጣፍ ላይ ነበር የማርፈው። በረመዳን ግቢው ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ያፈጥራል፤ ፓኪስታኑ፣ ባንግላዴሹ፣ የእኛም ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። በእኔ እምነት የዚያን መስጊድ ክብር የሚያሳየው ከእብነ በረዱ ይልቅ ያ ማዕድ ነው። ከእህትህ ጋር ከሄድክ ፀጉሯን የሚሸፍን ሻርፕና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ልብስ ታድርግ። አንተም ሙሉ ሱሪና እጅጌ ያለው ሸሚዝ ልበስ፣ ካልሲህ ንጹሕ ይሁን።

ካሜራህን በተመለከተ፣ ጉልላቱንና ግድግዳውን አንሣ። ሱጁድ ላይ ያለን፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ የሚሰግድን ሰው፣ እያለቀሰ ዱዓ የሚያደርግን ሰው አታንሣ፤ ወደ ሴቶች በኩልም አታዙር። በሚሰግድ ሰው ፊት ለፊት አቋርጠህ አትለፍ፤ በኋላው ዞረህ ሂድ። ይህን አንዱን ብቻ ብትጠብቅ እንኳ አዋቂ እንግዳ ትባላለህ። የረመዳን የመጨረሻዎቹን 10 ሌሊቶች ግን ውስጡን ለባለቤቶቹ ተውላቸው፤ ለይለተል ቀድር፣ ቁርኣን የወረደባት የምትባለው ሌሊት፣ የምትጠበቅባቸው ናቸው፣ እዚያው የሚያድር ሰው አለ። አንተ ከግቢ ሆነህ የኢማሙን ድምፅ ስማ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም እትዬ። የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ክርስቲያን ጓደኞቼ በረመዳን ቤታችን መጥተው ማፍጠር፣ የኢፋትንም የድሮ መስጊዶች ማየት ይፈልጋሉ። አባቴ ፈቅደዋል። ምን ላሳያቸው? ምንስ ልጠንቀቅ?
የሮቢቷ

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም የእኔ ልጅ። ደስ አሰኘሽኝ። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያየው መስጊድ እኛ ደጅ ሲኖር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ጓደኞችሽ መጀመሪያ የሚደነቁት በአየሩ ነው። 2,800 ሜትር ላይ ካለው ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥተው፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈው፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ሲወርዱ ጃኬታቸውን አንድ በአንድ ያወልቃሉ። በሮቢት ሙቀት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ምን እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ሰላም ካልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

በአገራችን ታሪክ ኢፋት ትልቅ ስም ነው። የኢፋት ሱልጣኖች የወጡበት የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሣው ከዚሁ ከእኛ ቁልቁለት ነው። ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል በተባሉት ቦታዎች የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽ አለ፤ የኖራ መስጊድ ግድግዳ ጣሪያው ጠፍቶም ቆሟል። ለጓደኞችሽ ሚህራቡን፣ የስግደቱን አቅጣጫ የሚያመለክተውን የግድግዳ ጎድጓዳ፣ አሳያቸው። ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ከሮቢት ተነሥተሽ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ሰሜን ብትጎትቺ መካ አጠገብ ትደርሻለሽ፤ የእኛ ቂብላ፣ ማለትም ዞረን የምንሰግድበት አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው። ኢስታንቡል ላይ ሰው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ይሰግዳል፣ አቡ ዳቢ ላይ ወደ ምዕራብ ግድም። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ እንደሚሠራ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል። ድንጋይ እንዳያነሡ፣ ግድግዳው ላይ እንዳይወጡ፣ መቃብር እንዳይረግጡ ግን አደራ። የመንደሩን ሽማግሌ ሳትጠይቁ አትግቡ።

በአንኮበር በኩል ከመጣችሁ አልዩ አምባን እዩ። የእናቴ ወገኖች አርጎባ ናቸውና አድልቼ ይሆናል፤ ቢሆንም የታጁራና የሐረር ቅፍለት የሚያራግፍበት፣ ጨውና ቡና የሚገበያይበት የሸዋ ነገሥታት ዘመን ገበያ ነው። ስለ ጎዜ መስጊድም አባትሽን ጠይቂያቸው፤ የኢፋት ሰው ስሙን ሲጠራ በአክብሮት ነው። በረመዳን ግን እንደ ሽርሽር ሳይሆን እንደ ዚያራ፣ እንደ መንፈሳዊ ጉብኝት ሂዱ፤ ድምፃችሁ ዝቅ ይበል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ይከናነቡ።

ስለ ማዕዱ ብዙ አትጨነቂ። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋው የማን እርድ ነው የሚለው ነገር ራሱ አይነሣም። ሳምቡሳውን በምስር አድርጊው፣ ሾርባውን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ለብቻው በሌላ ድስት ሥሪላቸው፣ ድስቱም የጾም መሆኑን ንገሪያቸው። እናትሽ ይህን ሳትነግሪያቸውም ያውቁታል፤ የሮቢት ሴት ሁሉ የክርስቲያን ጎረቤት አላት። አዛን ሲል ጓደኞችሽ ቀድመው እጃቸውን እንዳይሰነዝሩ ብቻ ሹክ በያቸው። አባትሽ መግሪብ ሰግደው እስኪመለሱም ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ሙስሊም ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን በጭነት መኪና ጅቡቲ እመላለሳለሁ። መንገድ ላይ ጾሙን ባፈርስ እጠየቃለሁ? በየደረስኩበት መስጊድ ማረፍስ ይቻላል?
ሾፌሩ

መልስ፦ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ ለመንገደኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ያፈረሰውን ቀን በሌላ ጊዜ ጾሞ ይተካል። የርቀቱን ልክና ኑሮው መንገድ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን ፍርድ ከሰፈርህ ዓሊም ጠይቅ፤ እኔ ፈታዋ (የሃይማኖት ፍርድ) ሰጪ አይደለሁም። ስለ መስጊዱ ግን ልንገርህ፤ ከሮቢት እስከ አፋር ቆላ ድረስ በመንገዱ ዳር ያሉት ትንንሽ መስጊዶች በረመዳን ለመንገደኛ ውሃና ተምር ያቀርባሉ። መኪናህን ከመንገዱ አርቀህ አቁም፣ ለሶላት ታጥበህ ውዱእ አድርገህ ግባ፣ በጾም ዐይንህ ከከበደ ከኋላ በኩል ጋደም በል። እንቅልፍ እየጎተተህ ግን ለማፍጠር ብለህ እንዳትሮጥ፤ አዛኑ ባለህበት ያገኝሃል፣ አንድ ፍሬ ተምርና አንድ ጠርሙስ ውሃ ከመሪው አጠገብ አይለይህ።