ከቧንቧው ላይ የቀነስኩት ልባስ

ውድ ልጆቼ፣

ወደ ባሕር ነዳጅ ሥራ የምትገቡ ወጣት መሐንዲሶች ባገኛችሁኝ ቁጥር «ወጪ እንዴት ይቀነሳል?» ትሉኛላችሁ። በእናንተ ዕድሜ መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ገና ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ አንድን ጉድጓድ ከተንሳፋፊ መድረክ ጋር የሚያገናኝ የባሕር ወለል ቧንቧ ነበር፤ የሙቀት መከላከያ ልባሱን ውፍረት እኔ ነበርኩ የማሰላው። ዘይቱ ከምድር ሲወጣ ትኩስ ነው፤ እየፈሰሰ እስካለ ድረስ ትኩስነቱን ይዞ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ልባስ ምን ይሠራል ብዬ አሳሳሁት። የቁጠባው ሠንጠረዥ አማረ፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ።

ያላሰላሁት ፍሰቱ ሲቆም የሚሆነውን ነው። እዚያ ታች ውኃው ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊቱ ከፍ ባለበት ቧንቧ ውስጥ ጋዝና ውኃ አብረው ከቀዘቀዙ ሃይድሬት የሚባል ጠጣር ይሠራሉ፤ ለዓይን በረዶ ነው፣ ክብሪት ሲጭሩበት ግን ይነድዳል። አንድ ሌሊት መድረኩ ላይ ቀላል ብልሽት አጋጠመና ምርቱ ቆመ። ሠራተኞቹ ሃይድሬት እንዳይሠራ የሚከላከለውን ሜታኖል ወደ መስመሩ ለማስገባት የነበራቸው ጊዜ እኔ ባሳሳሁት ልባስ ምክንያት በጥቂት ሰዓት አጥሯል። አልደረሱበትም። ቧንቧው ተደፈነ።

ገፍተን እናውጣው እንዳትሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ግፊት ያለበት ድፋን ሲላቀቅ እንደ ጥይት ይወረወራል። ከሁለቱም ጫፍ ግፊቱን ቀስ እያሉ ማውረድና እስኪሟሟ መጠበቅ ነው። ለዚህ የተከራየነው መርከብ ሳምንታት ቆየ። ያተረፍኩት ገንዘብ የጥቂት ቀን ኪራዩን እንኳ አልሸፈነም።

ከዚያ በኋላ ነው የጥልቅ ባሕር ሒሳብ የገባኝ። ዕቃው ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም፤ ውዱ እዚያ ታች ደርሶ መመለስ ነው። የአንድ ቫልቭ ማኅተም ለመቀየር የሚሄደው መርከብ፣ ሮቦቱና የባሕሩን መረጋጋት የሚጠብቀው ጊዜ የሚያስወጡት ገንዘብ ቫልቩን ደጋግሞ ይገዛል። ስለዚህ የግዢ ክፍሉን ዋጋ አስቀንስ ከማለታችሁ በፊት ጉድጓዱ ስንት ይሁን፣ አዲስ መድረክ ያስፈልጋል ወይስ በአቅራቢያው ካለው ጋር በቧንቧ ይያያዝ የሚለውን ጠይቁ። ይህ የሚወሰነው ገና ብረት ሳይቆረጥ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወረቀት ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ የነበረው የነዳጅ ዋጋ በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ ብዙ ፕሮጀክቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ሼል በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ቪቶ ለተባለው ተንሳፋፊ የነዳጅ መድረክ የነበረውን ንድፍ በ2015 እንደገና ሠራው፤ ኩባንያው እንዳስታወቀው ወጪው ከመጀመሪያው ዕቅድ ከ70 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዋናው ምስጢር መድረኩን ማቅለልና ከአቅራቢዎች ጋር ቀድሞ መሥራት ነበር። ቪቶ በ2023 ማምረት ጀመረ። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ተከታዩ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ዌል የተባለው መድረክ የቪቶን ተንሳፋፊ አካል 99 በመቶ ደገመው። መሐንዲስ የሌላውን ንድፍ ሳይነካካ መድገም እንዴት እንደሚያንገበግበው ስለማውቅ፣ ይህ ትልቅ ትሕትና ይመስለኛል። እኔ ራሴ ለባሕር ወለል ዕቃ የሚቀባ ቢጫ ቀለም የትኛው ቢጫ ይሁን በሚል ግማሽ ቀን የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ቀለሙን የሚያየው ሮቦቱ ብቻ ነው።

ሌላው ገንዘብ አጥፊ «ለማንኛውም» የምንላት ቃል ናት። ከጉድጓዱ የሚወጣውን የሚገምተው ባለሙያ ለማንኛውም ብሎ ይጨምራል። የቧንቧው ሰው በዚያ ላይ ለማንኛውም ይላል፤ የመሣሪያው ሰው ይደግማል። ብረት ቆራጩ ጋ ሲደርስ ሦስት አራት ለማንኛውም ተደራርቧል። ተንሳፋፊ ነገር ላይ ደግሞ ክብደት ብቻውን አይመጣም፤ የሚሸከመው አካል ይተልቃል፣ መልሕቁም ይከብዳል። መጠባበቂያው አንድ ቦታ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ይህን ስል መጠባበቂያ ሁሉ ስብ ነው ማለቴ አይደለም። ነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ፊዮርድ ውስጥ ሲፈተሽ የነበረው፣ ስላይፕነር ኤ የተባለው የጋዝ መድረክ የኮንክሪት መሠረት ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። የኮምፒውተር ስሌቱ በግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያለውን የሸር ጫና፣ ማለትም ኮንክሪቱን አንሸራትቶ ሊቆርጠው የሚሞክረውን ኃይል፣ በ47 በመቶ አሳንሶ ገምቶት ነበር፤ ግድግዳው ቀጭን ሆነ፣ የብረት ማጠናከሪያውም በቂ አልነበረም። ሰው አልሞተም። ኪሳራው ግን 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ። አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ያንን መጋጠሚያ በእጅ ቢያሰላው ስንት ሰዓት ይወስድበት ነበር?

ዛሬም የቧንቧ ስሌት ይዞ የሚመጣልኝ ወጣት አይጠፋም። ሽፋኑን አልፌ፣ የዋጋውን ሠንጠረዥም አልፌ፣ ፍሰቱ ከቆመ በኋላ ቧንቧው ለስንት ሰዓት ሙቀቱን እንደሚይዝ የሚያሳየውን ገጽ እፈልጋለሁ። ገጹ ከሌለ ሌላውን ሳላነብ እመልስለታለሁ።